ለትኩሳቷ የተገዛ ክኒን

ከዳንግላ ወደ ቆሰበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለችው ነርስ የገዙትን ክኒን አሳዩዋት።

«ለልጄ ነው። ባሕር ዳር የካንሰር መድኃኒት በደም ሥሯ ከሰጧት ወዲህ ትኩሳት ያዛት።»

«አባባ፣ ያ መድኃኒት የሰውነቷን መከላከያም ያዳክመዋል። ይህ ክኒን ብቻውን አይበቃትም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ገብታ ጠንከር ያለ መድኃኒት በመርፌ ካላገኘች ያሰጋታል።»

«ቤታችን ጥርባ ከሚባለው ቦታ ወደ ውስጥ ነው። መኪና አይገባም።»

«በቃሬዛ አያወጧትም?»

«ማን ይሸከምልኛል? ጎረምሳው ሁሉ አገሩን ጥሎ ሄደ። የቀረነው እኔና መሰሎቼ ነን።»

ነርሷ ክኒኑን ተቀብላ አገላብጣ አየችና መለሰችላቸው።

«ክኒኑንስ ልስጣት፣ ልጄ?»

«ይስጧት፣ አባባ።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።