አንድ ምንጭ ለመጽሐፉም ለስልኩም

አዛውንቱ አራሚ የእህታቸውን ልጅ ያገኟት ሳያስቡት፣ ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ነው። እሳቸው ብርቱካን አንጠልጥለው ሲወጡ እሷ ዓይኗ ቀልቶ ትወርዳለች። ሁለቱም የመጡት አንድ ሰው ሊጠይቁ ነበር፤ ፋብሪካቸው የሸጠውን የእንፋሎት ማሽን ሲጠግን እጁ የተቃጠለውን መካኒክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጁት እሳቸው፣ ድረ ገጹ ላይ የምታወጣው እሷ ናት። ጽሑፉ ግን ሁለት ቦታ ነው የሚቀመጠው። «ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት እንፋሎቱ ይውጣ» የሚለውን እርማት አዛውንቱ ከሦስት ወር በፊት መጽሐፉ ውስጥ አስገቡ፤ ለእሷ መንገሩን ግን ረሱት። መካኒኩ ደግሞ ያነበበው ከስልኩ ነው። ምን ያድርግ፣ የዘመኑ ሰው ነዋ።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ዓመት ሙሉ የወተወተችውን ደገመችላቸው፦ ጽሑፉ አንድ ቦታ ይጻፍ፣ መጽሐፉም ድረ ገጹም ከዚያው ይውጡ። እሳቸው እሺ ካላሉ የፋብሪካው ኃላፊ አይፈርምም። አዛውንቱ ግን በፊት ያሳየቻቸውን ናሙና አልረሱትም፤ ቃሉ ሁሉ ግራና ቀኝ በቅንፍ ምልክት የታጠረ፣ ዓይን የሚያታክት ነበር። ሠላሳ ዓመት ያሳመሩት ገጽ እንዲያ እንዲሆን አልፈለጉም።

«ልጄ፣ እኔ ማስጠንቀቂያውን በቀይ ነው የማወጣው፣ በወፍራም ፊደል። ያንቺ ምልክት ይህን የት ያውቃል?»

«ጋሼ፣ ቀዩ ስልክ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። እኛ ‹ይህ ማስጠንቀቂያ ነው› ብለን ምንነቱን ብቻ እንጻፍ። መጽሐፉ በቀይ ያውጣው፣ ስልኩም በሚችለው መንገድ ያጉላው።»

አዛውንቱ ብርቱካኑን ደረጃው ላይ አስቀመጡ። ወጣትነታቸው መጣባቸው፤ ማተሚያ ቤቱ፣ የቀለሙ ሽታ፣ ፊደል በእጁ እየለቀመ የሚደረድረው ጓደኛቸው። ያኔ በረቂቁ ጠርዝ ላይ «ርዕስ»፣ «ማስጠንቀቂያ» እያሉ ይጽፉለት ነበር፤ ስለ ፊደሉ ውፍረት የሚጨነቀው እሱ ነው። ከሞተ ስንት ዘመኑ። ናፈቃቸው።

«ለካ እኛም እንዲሁ ነበር የምንሠራው» አሉ ቀስ ብለው። «ያ የቅንፍ አጥር ግን አይሆንም። አራሚ ማንበብ ያቃተውን አያርምም።»

ልጅቷ አልተከራከረችም፤ ቀለል ያለ አጻጻፍ መኖሩን ነገረቻቸው፦ ርዕሱ ፊት አንድ ምልክት፣ ማስጠንቀቂያው ፊት «ማስጠንቀቂያ» የሚል ቃል፣ ሌላው እንደ ደብዳቤ የሚነበብ። አዋቂነቷ እዚህ ላይ ነው፤ የተማርኩትን ሁሉ ካልጫንኩ አላለችም። እሳቸውም እሺ አሉ።

በሳምንቱ አብረው ወደ መካኒኩ ተመልሰው መጡ። ያቺ የእንፋሎቱ መስመር አንድ ጊዜ ተጽፋ በአዲሱ መጽሐፍም በስልኩም ቃል በቃል አንድ ሆናለች። ከእንግዲህ ያረመ ሰው ለሌላው መንገር ቢረሳ እንኳ ጉዳት የለውም። የመካኒኩ እጅ በፋሻ ስለተጠቀለለ ስልኩን ልጅቷ ያዘችለት። እስከ መጨረሻው አነበበና ይሄ መቼ እንደገባ ጠየቀ።

አዛውንቱ መዋሸት ይችሉ ነበር።

«መጽሐፉ ላይ ከሦስት ወር በፊት፣ ስልክህ ላይ ትናንት» አሉት። «መሃል ያለው ጊዜ የኔ ጥፋት ነው።»