ስለ ሰንበት የጠየቀው እንግዳ

ዓርብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት፣ ከጎንደር ወዲያ ባለች የቤተ እስራኤል መንደር፣ በጸሎት ቤቱ ደጃፍ፤ የመንደሩ ቄስ ጀምበሬ፣ በልጅነቱ ኢየሩሳሌም ተልኮ የረቢዎችን ትምህርት ቀምሶ ከተመለሰው የእህታቸው ልጅ ከመምህር ስጦታው ጋር ይከራከራሉ።

ቄስ ጀምበሬ፦ አልሄድም ብያለሁ! ፀሐይ ጠለቀች ማለት ሰንበት ናት። በሰንበት ከደጄ አልርቅም።

ስጦታው፦ አባ፣ ዛሬ ካልወጣን አንወጣም። መንገድ መሪው የሚጠብቀን ዛሬን ብቻ ነው። መጣንም ቀረንም ወደ ሱዳን ይሻገራል።

ቄስ ጀምበሬ፦ ይሻገራ! ለእሑድ ሌላ መሪ ይገኛል።

ስጦታው፦ የታችኛው መንደር ሰዎችም ባለፈው ሳምንት «ለእሑድ» ሲሉ ነው በወታደር ታፍሰው ወኅኒ የወረዱት። የሁለቱ ሽማግሌዎች አስከሬን ብቻ ወጣ።

ቄስ ጀምበሬ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ሰንበትን ግን አልሻሩም።

ስጦታው፦ ነፍስ ለማዳን እኮ ሰንበት ይሻራል። ረቢዎቹ ሁሉ የሚያስተምሩት ይህንን ነው።

ቄስ ጀምበሬ፦ የት ተጽፎ? ኦሪቱ ይኸው፣ ገልጠህ አሳየኝ።

ስጦታው፦ ሕጌን የሚያደርግ ሰው በሕይወት ይኖርበታል ይላል። ይኖርበታል ነው እንጂ ይሞትበታል አይልም።

ቄስ ጀምበሬ፦ እሱን እኔም አነበዋለሁ። ሰንበትን ሻር የሚል ግን አላየሁበትም።

ስጦታው፦ ሙሴ በሲና የተቀበለው የተጻፈውን ብቻ አይደለም ይላሉ፤ ትርጓሜውንም በቃል ተቀብሏል። ያ ቃል ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ ነው በኋላ ታልሙድ በሚሉት መጽሐፍ የተጻፈው።

ቄስ ጀምበሬ፦ ታዲያ እኛ ዘንድ ለመምጣት መንገድ ጠፋበት?

ስጦታው፦ እኛ ቀድመን ተለይተን ይሆናላ።

ቄስ ጀምበሬ፦ ወይ እነሱ በኋላ ጨምረው ይሆናላ። ለመሆኑ ረቢ ማለት ቄስ ነው?

ስጦታው፦ ቄስ አይደለም፣ መምህር ነው። መሥዋዕት አያቀርብም።

ቄስ ጀምበሬ፦ ታዲያ ምን ይሠራል?

ስጦታው፦ ያስተምራል፣ ይፈርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይከራከራል።

ቄስ ጀምበሬ፦ ለዚህማ ሟቿ ሚስቴም ረቢ ነበረች! ስማ ልጄ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም በለኝ ካሰኘህ። ኢየሩሳሌምን ዕድሜዬን ሙሉ ለምኛለሁ። ሰንበትን ሽሬ ብደርስ ግን በምን ፊቴ እገባለሁ?

ስጦታው፦ ብርቄስ? ልጅዎ በምን ፊቷ ትግባ?

ቄስ ጀምበሬ፦ ብርቄ ምን ሆነች?

ስጦታው፦ ወንዝ ናት።

ቄስ ጀምበሬ፦ አውቃለሁ፤ ሴቶቹ ለሰንበት ሊታጠቡ ወርደዋል። አሁን ይመጣሉ።

ስጦታው፦ አይመጡም። ልጆቹንም ስንቁንም ይዘው ነው የወረዱት። ወንዶቹም ከብት የሚያጠጡ መስለው ተከትለዋል። መሪው መልካው ላይ ነው የቀጠረን።

ቄስ ጀምበሬ፦ ለካ መንደሩ ጭር ያለው ለዚህ ነው! ሳትነግረኝ?

ስጦታው፦ ብነግርዎ ይከለክሉኝ ነበር።

ቄስ ጀምበሬ፦ ረቢዎችህ ሽማግሌ መናቅንም አስተማሩህ?

ስጦታው፦ ይቆጡኝ፣ ከፈለጉም ይርገሙኝ። ግን «ቄሳችን ሳይመጡ አንድ እርምጃ አንሄድም» ብለው እዚያው ተቀምጠዋል። አርባ ሦስት ነፍስ ነው አባ። ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።

ቄስ ጀምበሬ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ምን ያስፈራሃል? ይህችን መንደር ማን ያውቃታል? በዚህ ሳምንት የመጣው እንግዳ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ጨዋ ሰው።

ስጦታው፦ የምን እንግዳ?

ቄስ ጀምበሬ፦ ማክሰኞ፣ አንተ ገበያ ሳለህ መጣ። ስለ ኦሪት ማወቅ እፈልጋለሁ አለኝ። ስንት ዘመን ቡዳ እያለ ሲሸሸን በኖረ አገር፣ አንድ ሰው እግሬ ሥር ተቀምጦ ኦሪትን ቢጠይቀኝ ጊዜ ደስ አለኝ። ያልኩትን ሁሉ በደብተር ጻፈ።

ስጦታው፦ ምን ምን ጠየቀዎ?

ቄስ ጀምበሬ፦ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ነዋ። ሌላ ሰው ያረደውን ለምን አትበሉም፣ ኦሪታችሁ በምን ቋንቋ ነው። ከዚያ ስለ ሰንበት።

ስጦታው፦ ስለ ሰንበት ምን?

ቄስ ጀምበሬ፦ እሳት ታነዳላችሁ? አናነድም። ሩቅ መንገድ ትሄዳላችሁ? አንሄድም። ጠዋት ሁላችሁም ጸሎት ቤት ናችሁ? ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር አልኩት።

ስጦታው፦ እርስዎ ሰውዬ... ይቅርታ አባ። ሌላስ?

ቄስ ጀምበሬ፦ የሚቀር የለም ወይ አለኝ። የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ብቻ በጎጆዋ ትቀራለች ብዬ ጎጆውን አሳየሁት። ደግሞ ብልህ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ በሰንበት ጠላት ቢመጣባችሁ ትሸሻላችሁ ወይ አለ።

ስጦታው፦ ምን አሉት?

ቄስ ጀምበሬ፦ አንሸሽም አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ምነው እንዲህ ታየኛለህ?

ስጦታው፦ ምን ተጫምቶ ነበር?

ቄስ ጀምበሬ፦ ጫማውን ማን አየ? ደጃፉ ላይ አውልቆ ነው የገባው። ከባድ ነገር ነው፣ ማሰሪያው ረጅም... ከስክስ። የወታደር ከስክስ።

ስጦታው፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ቄስ ጀምበሬ፦ እግዚኦ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በገዛ አፌ!

ስጦታው፦ አሁን የሚጸጸቱበት ጊዜ አይደለም። እነሱ የሚመጡት ነገ ጠዋት ነው፣ የሚፈልጉንም እዚህ ጸሎት ቤት። እስከዚያ ርቀን እንሄዳለን። ይነሡልኝ እንጂ።

ቄስ ጀምበሬ፦ ስጦታው።

ስጦታው፦ አቤት።

ቄስ ጀምበሬ፦ ስለ መንጻትም ጠይቆኛል።

ስጦታው፦ ስለ መንጻት ምን?

ቄስ ጀምበሬ፦ ሴቶቻችሁ ለሰንበት የሚታጠቡት መቼ ነው አለኝ። ዓርብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ይወርዳሉ አልኩት።

ስጦታው፦ የት ነው አሉት? አባ፣ የት ነው አሉት?

ቄስ ጀምበሬ፦ እጁን ይዤ መልካው ድረስ አወረድኩት። ምን ቆመህ ታየኛለህ? ፀሐይ ጠለቀች አልጠለቀች፣ ሩጥ! እኔም እሮጣለሁ!