ማሳ ያጣች ሚኒባስ

(ደሴ፣ ወደ ሐረጎ መውረጃው፤ በአራጋው የመኪና ኤሌክትሪክ መጠገኛ ደጅ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልፎ፤ አዲስ ቀለም የተቀባች አሮጌ ሚኒባስ ቆማለች፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ቄስ፣ ውስጧ ተቀምጠዋል፣ ባለቤቷ ሞላልኝ መሪው ላይ ነው።)

ሞላልኝ፦ ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ነው እያልኩህ እዚያ ሥር ምን ታሸታለህ?

አራጋው፦ ካወቁት ምን አመጣዎት? መፍቻው ይኸው፣ ይፍቱት።

ሞላልኝ፦ ደግሞ «እርስዎ» ይለኛል! እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን!

አራጋው፦ እርስዎ ሰባተኛ ገቡ፣ እኔ አባቴ ወናፍ ሥር ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ወንበራችን ለየቅል ነው።

ሞላልኝ፦ አራጋው፣ በማርያም! የወንበር ወሬ አሁን አይደለም። ሽማግሌ ጭኛለሁ። ለልጄ ሚስት ሊጠይቁ ስምንት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ይጠበቃሉ። ብናረፍድ «ናቁን» ብለው በራቸውን ይዘጉብናል። ልጁ ደግሞ እሷን ካጣሁ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ ብሎ ምሏል። አንድ ልጅ ነው ያለኝ።

አራጋው፦ ጧት ምን አድርጋችሁ አስነሳችኋት?

ሞላልኝ፦ ገፍተን።

አራጋው፦ ማን ገፋ?

ሞላልኝ፦ እነሱ ናቸዋ፣ ሌላ ማን አለ?

አራጋው፦ ቄሱም?

ሞላልኝ፦ በአንድ እጃቸው። በአንዱ መስቀል ይዘው ነበር።

አራጋው፦ ታዲያ አሁንም ቁልቁለት ነው፣ ገፍታችሁ ውረዱዋ።

ሞላልኝ፦ አንገፋም ብለዋል! ነዳጅ ቀጂው ካላጠፋህ አልቀዳም ብሎኝ ሳጠፋት በዚያው ቀረች፤ እስከዚህ የገፏት ይበቃናል አሉ። ደግሞስ ስንመለስ? ልጅ ጠይቀው ሲያበቁ በልጅቷ ደጅ ካባቸውን ሰብስበው ሊገፉ ነው? አገር ይስቅብኛል።

አራጋው፦ ቁልፉን ያዙሩ።

ሞላልኝ፦ ይኸው፣ ቀጭ! ቀጭ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ዝም።

አራጋው፦ የፊት መብራቱን ያብሩና እንደገና።

ሞላልኝ፦ ቀጭ።

አራጋው፦ መብራቱ ሞተ። ይልቀቁት። አሁን ተመለሰ፣ ቦግ ብሏል።

ሞላልኝ፦ እንግዲያው ባትሪ ነው በላ! ግን ባትሪው አዲስ ነው። አንዱ ባትሪ ነው አለኝ፣ ባትሪ ቀየርኩ። ሁለተኛው ሞተሪኖ አለ፣ ሞተሪኖ ቀየርኩ። ሦስተኛው የቁልፍ ማዞሪያውን ፈታታና መልሶ ገጠመው፤ እኔ እንጃ ብሎ ሸኘኝ።

አራጋው፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። ስለዚህ አራተኛው እኔ ነኝ።

ሞላልኝ፦ እንዴት?

አራጋው፦ ሱቄ ከቤትዎ በረንዳ ይታያል። ሦስቱን ዞረው መፍትሔ ያጡ ጊዜ ነው የታየዎት ማለቴ ነው።

ሞላልኝ፦ ቂምህን ሌላ ቀን አውጣው፣ እለምንሃለሁ! አንዱ ሽማግሌ ሞቀኝ ብለው ሊወርዱ ነው። ከወረዱ አይመለሱም፤ አውቃቸዋለሁ።

አራጋው፦ መቼ ጀመራት?

ሞላልኝ፦ ሁለት ሳምንት ሆናት።

አራጋው፦ የዛሬ ሁለት ሳምንት ምን ሆነች?

ሞላልኝ፦ ምንም። ቀለም አስቀባኋት፣ ለዛሬ ብዬ። የጎማው ቤት ውስጥ፣ ኮፈኑ ሥር፣ አንድም የቀረ ቦታ የለም። ሙሽራ መሰለች አይደል?

አራጋው፦ መስላለች። ይህን ወፍራም ገመድ በአንድ ጫፉ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ በሌላው ሞተሩ ላይ ይዤዋለሁ። ያዙሩ።

ሞላልኝ፦ ተነሳች! አራጋው፣ ተነሳች! አንድ ጊዜ ብቻ ነክቻት! እጅህ ይባረክ! አባቶች፣ እንሂድ… ኧረ ምነው? ለምን ቁልፉን ነቅለህ አጠፋህብኝ!

አራጋው፦ ገመዱን በእጄ ይዤ እስከ ኮምቦልቻ ልከተላችሁ?

ሞላልኝ፦ እና ምኗ ነው?

አራጋው፦ ማሳ አጥታለች።

ሞላልኝ፦ መኪና ያርሳል እንዴ? አትቀልድ።

አራጋው፦ እኛ ማሳ ነው የምንለው። መሬቷ ማለት ነው። ከባትሪው የወጣ ኃይል ዞሮ የሚገባው በዚህች ገመድ ነው። ቀቢው ሲቀባ ፈቷት፣ ሲጨርስ ቀለሙ ላይ መልሶ አሰራት። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በቀለሙ ስንጥቅ የምታልፈው ለመብራት ትበቃለች፣ ለሞተሪኖ አትበቃም። ከላይ ሙሽራ ናት፣ ከሥር ማሳ የላትም።

ሞላልኝ፦ ይኸው ነው? ፋቀዋ!

አራጋው፦ ማሳ የሌለው ምን እንደሚባል ያስታውሳሉ?

ሞላልኝ፦ አራጋው…

አራጋው፦ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት እህትዎን ደብሪቱን ልጠይቅ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። እንደነዚህ ያሉ፣ ካባ የለበሱ። እርስዎ ወጡ። «ማሳ የሌለው ወናፍ ነፊ ከእኛ አጥንት አይደባለቅም» አሏቸው። ሽማግሌዎቼ ስንቱን ቃል ሊያለዝቡልኝ ሞከሩ፤ እኔ ግን ከአጥሩ ኋላ ቆሜ ነበር፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ሞላልኝ፦ አባቴ ያዘዘኝን ነው ያልኩት! ልጅ ነበርኩ።

አራጋው፦ ሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው? ያባትዎ ማሳ የታረሰው በማን ማረሻ ነበር? አባቴ ሌሊት ሲቀጠቅጥ አድሮ የሳለውን ማረሻ አባትዎ በእግራቸው ገፍተው ነበር የሚቀበሉት፤ እጃቸው እጁን እንዳይነካ። ቡዳ ነዋ!

ሞላልኝ፦ ረሳሁት ብልህ ታምነኛለህ?

አራጋው፦ አምናለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሞላልኝ፦ እሺ፣ አጥፍቻለሁ! እዚህ መሬት ላይ ልውደቅልህ? እነሱ እያዩኝ ልውደቅ?

አራጋው፦ ይነሱ፣ ሱሪዎ ይበላሻል። ሽማግሌ ላኪ ሰው ነዎት። ለመሆኑ ደብሪቱን የወሰደው ባለማሳ ደህና ነው?

ሞላልኝ፦ ፈታት። እሱን ተወው። ቤቴ ነው ያለችው።

አራጋው፦ …ያን ብርጭቆ ወረቀት ያቀብሉኝ። ቀለሙን ልፋቅ።

ሞላልኝ፦ እንካ፣ እንካ። እግዜር ይስጥህ።

አራጋው፦ የማን ልጅ ናት የምትጠይቋት?

ሞላልኝ፦ የአቶ እሸቱ ውዱ፣ የቆርቆሮ ነጋዴው።

አራጋው፦ የአቶ እሸቱ?

ሞላልኝ፦ ታውቀዋለህ እንዴ?

አራጋው፦ ቆርቆሮ የማያውቅ የቀጥቃጭ ልጅ አለ? ልጅቷ ቤዛ ናት፣ አይደል?

ሞላልኝ፦ ራሷ! ምነው እጅህን አቆምክ?

አራጋው፦ ቀለሙ ጠንክሮብኝ ነው። ዘር ቆጠራችሁ?

ሞላልኝ፦ ሳንቆጥር? በአባቷ እስከ ሰባት ቤት ሄደን አንድ እንከን አጣን። ጨዋ የጨዋ ልጅ!

አራጋው፦ በእናቷስ?

ሞላልኝ፦ እናቷ ወይዘሮ ሙሉነሽ ይባላሉ፤ አገራቸው ከወዲያ ራያ ነው አሉን፤ እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል? ልጁም አትቁጠሩ እያለ አለቀሰብን። እንዲያው ፊታቸውን ስታየው ግን የትልቅ ሰው ልጅ ናቸው።

አራጋው፦ ፊት አይዋሽም። ብሎኑን አጠበቅኩት። ያዙሩ።

ሞላልኝ፦ ተነሳች! እንደ አዲስ! አባቶች፣ ሰማችሁ? አራጋው፣ ስንት ልክፈልህ? ጠይቀኝ፣ ዛሬ አልከራከርህም!

አራጋው፦ ሂሳብ የለብህም።

ሞላልኝ፦ እሰይ፣ «አንተ» አልከኝ! ታረቅን ማለት ነው?

አራጋው፦ ሞላልኝ፣ ቁልቁለቱን ቀስ ብለህ ውረድ፤ ፍሬን አታምን።

ሞላልኝ፦ ምን ቀስ ይላል ሰው፣ ሰዓቱ ሄደ እኮ!

አራጋው፦ ቀስ በል ነው የምልህ። ልጅህን እነቤዛ «ናሆም፣ ናሆም» ሲሉት እሰማ ነበር እንጂ የማን ልጅ እንደሆነ እስካሁን አልሰማሁም ነበር። ሙሉነሽ የእናቴ ልጅ፣ በልጅነቷ ራያ ሄዳ ያደገች ታናሼ ናት። ሽማግሌዎቹን ተቀምጦ የሚሰማና መልስ የሚሰጥ ታላቅ ሰው ሲያስፈልጋቸው የጠሩት እኔን ነው። እጄን ሳልታጠብ ልብሴን ሳልለውጥ ቀድማችሁኝ ብትደርሱ፣ የሚመልስላችሁ አታገኙም።