የጀርመን ስፒና በጣሊያን ሶኬት

ፒያሳ የነበረው የቀበሌያችን አዳራሽ ጣሊያን የሠራው ነው፤ ሶኬቱም የጣሊያን። አዲሱ ድምፅ ማጉያ ግን ከምሥራቅ ጀርመን መጣ። ሕዝቡ ተሰብስቦ እየጠበቀ፣ የኤሌክትሪኩ ሠራተኛ እኔ በማስመሪያ ሁለቴ ለካሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የስፒናው እግር ከሶኬቱ ቀዳዳ ይወፍራል።»

«የወዳጅ አገር ስፒና አልገባም ካለ፣ አሻጥሩ የማን ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ «አሻጥረኛ» የተባለ ሰው ቤቱ አያድርም።

ዘበኛው ጋሽ ወልዴ «ጓድ፣ ልጁን ይተዉት፤ አሻጥሩ የጣሊያን ነው» ብለው ስፒናውን ቆረጡና የተላጡትን ሽቦዎች በሁለት የክብሪት እንጨት ሶኬቱ ውስጥ ወተፏቸው። ማጉያው ጮኸ።

«እንዳታስነጥስ» አሉኝ በጆሮዬ። ሊቀመንበሩ «አብዮቱን የሚነቀንቀው የለም!» እያለ ጠረጴዛውን በደበደበ ቁጥር፣ እኔ ክብሪቶቹን አያለሁ።