ተቀምጦ የማይባል ሰላምታ

(ደብረ ብርሃን፣ ተማሪዎች የወጡበት ክፍል፤ ጃፓን ተምረው የመጡት መምህርት አጸደ፣ ነገ ወደ ኦሳካ ለሚበረው ወጣት ሯጭ ለይኩን የመጨረሻውን የቋንቋ ትምህርት እየሰጡት ነው።)

አጸደ፦ ተነስ አልኩህ! «ኦሃዮ ጎዛይማስ»፣ እንደምን አደሩ፣ ተቀምጦ አይባልም።

ለይኩን፦ ዛሬን ብቻ ተቀምጬ ልበለው፣ ቲቸር። የሚናገረው አፌ እንጂ እግሬ አይደል።

አጸደ፦ እዚያ ጎንበስ ያላለ ሰው ሰላም አላለም። የቡድኑን አለቃ ወንበር ላይ ተዘፍዝፈህ ልትቀበለው ነው?

ለይኩን፦ ሌላ ይጠይቁኝ። «አሪጋቶ»፣ አመሰግናለሁ። «ሃይ»፣ አዎ። «ዳይጆቡ»፣ ደህና ነኝ። ዳይጆቡ፣ ዳይጆቡ!

አጸደ፦ ይቺን ደግሞ እንደ ውዳሴ ማርያም ደገምካት! በል የምትሸሻትን አምጣት፤ «አሺ ጋ ኢታይ»፣ እግሬን ያመኛል።

ለይኩን፦ ኧረ አያሟርቱብኝ!

አጸደ፦ ትምህርት ነው እንጂ ምን ሟርት አለው?

ለይኩን፦ ሯጭ እንዲህ ካለ በመጣበት አውሮፕላን ይመልሱታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

አጸደ፦ ጉርሻም አይገባበትማ! ካንተ በፊት የሄደውን መኩሪያን ረሳኸው? ቁርጭምጭሚቱ ተሰንጥቆ፣ «ደህና ነህ?» ሲሉት «ሃይ»! «ትሮጣለህ?» ሲሉት «ሃይ»! ይኸው ዛሬ በምርኩዝ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚስመው።

ለይኩን፦ በእመቤቴ፣ የሱን ስም አያንሱብኝ። ምርኩዙን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

አጸደ፦ አትሽሽ! «ኢዬ»ን የማስጠናህ፣ እምቢ ማለትን የማስጠናህ፣ ለዚሁ ነው። ቆይ፣ ምነው ላብ አጠመቀህ? በዚህ ብርድ?

ለይኩን፦ ዳይጆቡ።

አጸደ፦ በአማርኛ ነው የጠየቅኩህ!

ለይኩን፦ …ደህና ነኝ።

አጸደ፦ አንተ ልጅ፣ ሁልጊዜ እየሮጥክ ትመጣ ነበር፤ ዛሬ በባጃጅ መጣህ። ስገባም አልተነሳህልኝም። አንተ እኮ የጥበቃው ውሻ ሲያልፍ እንኳ ብድግ የምትል ልጅ ነህ!

ለይኩን፦ ድምፅዎን ይቀንሱ፣ ቲቸር! አሰልጣኜ ግቢ ውስጥ ነው። በሩን… በሩን ይዝጉልኝ።

አጸደ፦ ዘጋሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ተናገር።

ለይኩን፦ ጠዋት ልምምድ ላይ ጧ ያለ ነገር ነበር… ተዉት። ያቺን ቃል ብቻ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።

አጸደ፦ አሺ ጋ ኢታይ። በል ተነስና ቆመህ በላት።

ለይኩን፦ መነሳት ብችልማ፣ ቲቸር፣ ቃሏን ምን ያስለምነኛል?