ፀሐይ ያለበት ወንበር

ገና ጠዋት ነው፤ ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከፊቴ፣ በወዲያኛው ረድፍ የተቀመጡት ሽማግሌ የመስኮቱን ቦታ አጠገባቸው ላለችው ሴት ሊለቁላት ተነሡ።

«ነይ እቴ፣ እዚህ ሸጋ ፀሐይ አለ፤ ሙቂ።»

«ይተዉት አያ፤ ፀሐይ ይቅርብኝ።»

«ምነው? በዚህ ብርድ?»

«ልጄን የነሳኝ ፀሐይ ነው።»

«ፀሐይ ደግሞ ልጅ ይነሳል?»

«ጉልበቷንና ጣቶቿን ይቆረጥማት ነበር። ብርድ ነው ብዬ ጠዋት ጠዋት ደጅ አስቀምጣታለሁ። ጉንጮቿ ሲቀሉ፣ ሙቀቱ ገባላት ብዬ ደስ አለኝ።»

«የትኛዋም እናት ይህንኑ ታደርጋለች።»

«ኋላ ሐኪሞቹ ከቆዳዋ ቅንጣት ቆርጠው አዲስ አበባ ላኩ። በሽታ እንዲከላከልላት የተፈጠረው፣ በገዛ ደሟ ውስጥ ያለው ጠባቂ ቆዳዋ ሥር ተከማችቶ ተገኘ አሉኝ። ጠባቂው ዞሮ የራሱን ቤት ይወጋል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይብስበታል አሉ።»

ሽማግሌው ዞር ብለው፣ ከኋላ ጠመንጃውን ታቅፎ የሚያንቀላፋውን አብዮት ጠባቂ አዩ።

«ቀስ በይ እቴ። ጠባቂ ቤቱን ወጋ አይባልም።»

«የሐኪሙ ቃል ነው አያ።»

«መድኃኒት የለውም ኖሯል?»

«ሰጥተዋት ነበር። ግን በሽታው ኩላሊቷን ቀድሞ ጎድቶት ነበር።»

«እግዜር ያጥናሽ። ሳታውቂ ምን ታደርጊ።»

«እሷ ግን ታውቅ ነበር። ‹እማ፣ ፊቴን አቃጠለኝ፤ ጥላ ልግባ› ትለኝ ነበር። ‹ቻይው ልጄ፣ መዳኛሽ ነው› እያልኩ መልሼ አስቀምጣታለሁ።»

አውቶቡሱ ሲታጠፍ ፀሐይዋ ወደ እኔ በኩል ዞረች፤ መጋረጃውን ሳብኩት።