ብርን መቶ ሳንቲም ያደረገው አዋጅ

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ታጠናለች፤ አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ይጠይቋታል።

«ሕግ የሚያወጣው ማነው?»

«ኮንግረስ።»

«ጎሽ! ብርን መቶ ሳንቲም ያደረገውስ?»

«እሱማ የእኛ አገር ነው፣ ጋሼ። አይጠይቁም።»

«ከጠየቁሽስ? ድሮ ብር የሚመነዘረው በግርሽ ነበር። ኋላ መቶ ሳንቲም ይሁን ተብሎ ታወጀ። አባቴ ግን እንቢ ብለው እስኪሞቱ በግርሽ ሲከራከሩ ኖሩ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ኢንተርቪዬ ዛሬ ነው! ኮንፊውዝ አያድርጉኝ።»

«እያገዝኩሽ እኮ ነው፣ ልጄ። እኔ ባለፈው ወር ስፈተን ይሄን ሁሉ ለጠያቂዋ አስረድቻታለሁ።»

«ታዲያ አለፉ?»

«አይ፣ ሰዓት አለቀ አለችኝ። ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነበርን።»

ዶላርንም መቶ ሳንቲም ያደረገው የኮንግረስ ሕግ መሆኑን ላስረዳቸው የከፈትኩትን አፌን መልሼ ዘጋሁት።